1,000 ነፍሰ ጡሮችን መዝግቦ ልጆቻቸውን እስከ 2 ዓመት መከታተል፦ ሰው እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «በሁለት የገጠር ወረዳዎች 1,000 ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግበን ልጆቻቸው 2 ዓመት እስኪሞላቸው ልንከታተል ነው። መጠይቁ 38 ገጽ ደርሷል። በየስንት ጊዜው እንጎብኛቸው? ምን ምን እንለካ? ከዚህ በፊት በአካባቢው የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ከሦስት እናቶች አንዷን አጥቷል ሲባል ሰምተናል፤ እኛስ እንዳናጣ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የጉብኝቱ ብዛትም የሚለካው ነገርም የሚወሰነው በእሱ ነውና። እንዲህ ያለ ጥናት የሚቆመው በመጠይቁ ርዝመት አይደለም። ዛሬ የመዘገባችኋትን እናት ከስድስት ወርም ከሁለት ዓመትም በኋላ ያችኑ ሴት፣ ያንኑ ልጅ፣ ከሌላ ሳታምታቱ ማግኘት ስትችሉ ነው። ስለዚህ 38ቱን ገጽ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና ሰው የምታገኙበትን ሥርዓት አስቀድሙ።

ሂሳቡን ተመልከቱ። ከምዝገባ በኋላ 8 ጉብኝት ቢኖርና በእያንዳንዱ ዙር ከቀሩት እናቶች 3 ከመቶ ብቻ ጠፍተው ባይመለሱ፣ ከ1,000ዎቹ መጨረሻ ላይ የሚተርፉት 784 ናቸው። በየዙሩ የሚጠፉት 5 ከመቶ ከሆኑ ደግሞ 663 ይቀራሉ፤ የሰማችሁት «ከሦስት አንዷ» ማለት ይኸው ነው። በአንድ ዙር ሪፖርት ላይ 5 ከመቶ ማንንም አያስደነግጥም፤ ጉዳቱ የሚታየው ሲደማመር ነው።

የቁጥሩ ማነስ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ከመነሻው ተጨማሪ ሰው መዝግቦ ማካካስ ይቻላል። የማይካካሰው የሚጠፉት ከሚቀሩት ጋር አለመመሳሰላቸው ነው። ቶሎ የምትጠፋው ተከራይዋ፣ ገና ያገባችው ወጣት፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የምትዞረው፣ ከባሏ የተለየችው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጇ የሞተባት እናት ናት። በምሳሌ እንየው። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 30ው በመጀመሪያው ወር ሞቱ እንበል። ከወሊድ በኋላ 100 እናቶች ጠፉባችሁ፤ ከ30ው ሟቾች 10ሩ የእነሱ ልጆች ናቸው። እናንተ ያያችሁት ከ900 ሕፃናት 20 ሞት፣ ማለትም ከሺህ 22 ነው። እውነቱ ግን ከሺህ 30 ነበር። ለማነጻጸሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱትን ከሺህ 33 አድርጎ ነው የዘገበው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ በጣም ዝቅ ካለ፣ ወረዳው ተሻሽሏል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የጠፉትን ቁጠሩ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረው የብራዚሏ የፔሎታስ ከተማ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማዋ ሆስፒታሎች በሕይወት የተወለዱ 5,914 ልጆች ተመዝግበው እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋቸዋል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያው ክትትል በወሊድ ጊዜ የተሰጠውን አድራሻ ይዘው ሲፈልጉ ቤት የቀየሩ ብዙ ልጆችን አጡ። በ1984 ዘዴ ቀየሩ፤ የከተማዋን ቤቶች በሙሉ እየዞሩ በ1982 የተወለደ ልጅ መኖሩን ጠየቁ፤ 87 ከመቶ ያህሉንም አገኙ። ወንዶቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ለግዴታ የውትድርና ምዝገባ ሲቀርቡ እዚያው አገኟቸው። ልጆቹ 30 ዓመት ገደማ ሲሆኑ በ3,493 ሰዎች ላይ በተሠራው ትንተና፣ 12 ወርና ከዚያ በላይ ጡት የጠቡት ከአንድ ወር በታች ከጠቡት ይልቅ በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ወደ 3.76 ነጥብ በልጠው ተገኙ። ውጤቱን ክብደት የሰጠው በዚያን ጊዜ በከተማዋ ጡት ማጥባት ከሀብት ጋር እምብዛም ያልተያያዘ መሆኑ ነው። ይህን ለማለት የተቻለው ልጆቹን ከ30 ዓመት በኋላ ማግኘት ስለተቻለ ነው። አድራሻ ያረጃል፤ ስለዚህ ሰው በግድ የሚያልፍበትን በር መፈለግ ያስፈልጋል። በእናንተ ወረዳዎች በሩ የክትባት ቀጠሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ መዝገብና የጎጡ ሽማግሌ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ከጤና መጠይቁ የተለየ፣ አንድ ገጽ የሆነ «የማግኛ ቅጽ» አዘጋጁ። በእሱ ላይ የእናቲቱ ስም እስከ አያት፣ በሰፈር የምትጠራበት ስም (ብዙ ጊዜ የመዝገብ ስሟን ጎረቤት አያውቀውም)፣ የባሏና የቤቱ አባወራ ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ በቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በሁለት መስመር፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከዚያም የሦስት ሰዎች ስልክ ይሞላል። ሦስቱ አንድ ቤት የሚኖሩ አይሁኑ፦ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚኖር ዘመድ፣ ቢቻል የእናቷ ወይም የእህቷ ስልክ። እያንዳንዱን ቁጥር እዚያው ፊቷ ደውሉና መጥራቱን አረጋግጡ። አንድ አሃዝ የተሳሳተ ቁጥር የሚታወቀው ከስድስት ወር በኋላ ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚያርመው ሰው የለም። ይህ ቅጽ በየጉብኝቱ ይታደሳል፤ የሚቀመጠውም ከጤና መልሶቿ ተለይቶ፣ ለብቻው ተቆልፎ ነው።

ብዙ ጥናቶች እናቶችን የሚያጡት በአንድ ሰሞን ነው፦ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ። በተለይ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት በስምንተኛው ወር ገደማ ሄዳ አራስነቷን እዚያው ትጨርሳለች። የጥናቱ ሠራተኛ የባሏን ቤት ሲያንኳኳ «የለችም» ይባላል፤ ቅጹ ላይ «ጠፍታለች» ተብሎ ይሞላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በምዝገባው ቀን «ለወሊድ የት ነው የምትሆኚው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በስምንተኛው ወር ድገሙት፤ የእናቷን ቤት እንደ ሁለተኛ አድራሻ በሙሉ መዝግቡ። ሌላ ወረዳ ከሆነ እዚያ ለሚገኘው ጤና ጣቢያ አስቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ። አራስ ቤት ድረስ የሚሄድ ሠራተኛ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ወንድ ሱፐርቫይዘር በአሥረኛው ቀን አራስ ቤት ልግባ ቢል በሩ ላይ ይቀራል፤ ቢገባም መልሱ የይሉኝታ ይሆናል።

ቀጥሎ ስም። ሕፃን ከተወለደ በኋላ ለሳምንታት ስም ላይኖረው ይችላል፤ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ የክርስትናው ቀን ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ነው፤ እስከዚያ «ማሙሽ» ወይም «ሚሚ» ተብሎ ይቆያል። በኋላም የቤት ስም፣ የመዝገብ ስምና የክርስትና ስም ይለያያሉ። ስለዚህ ልጁን በስሙ ሳይሆን በእናቱ መለያ እወቁት። ለእናቲቱ አራት አሃዝና ከእነሱ በስሌት የሚወጣ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ ስጧት፤ ለልጁ በዚያው ላይ የእርግዝናውን ተራና የአወላለዱን ተራ ጨምሩበት። ለምሳሌ መለያዋ 04173 የሆነች እናት በመጀመሪያው የጥናት እርግዝናዋ መንታ ብትወልድ፣ ሕፃናቱ 04173-1-1 እና 04173-1-2 ይሆናሉ። የማረጋገጫው አሃዝ ጥቅሙ ሠራተኛዋ 0417ን 0471 ብላ ብታስገባ ታብሌቱ ወዲያው እንዲያስቆማት ነው። ሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ የሚወልዱ እናቶች ይኖራሉ፤ የእርግዝናው ተራ ካልተጻፈ የ18 ወሩ ልጅ ሊመዘን ሲገባ ታናሹ ተመዝኖ ይገኛል። እድገቱ በድንገት ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው።

ቀንን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ አገር ብዙ መረጃ የሚበላሸው በዚህ ነውና። እናቲቱ የምትነግራችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ታብሌቱ ደግሞ በአብዛኛው የተሠራው ለፈረንጆቹ ነው። ሠራተኛዋ ጥቅምት 30ን 30/02 ብላ ስታስገባ ፕሮግራሙ «ፌብሩዋሪ 30» መስሎት አይቀበልም፤ እሷም ሥራው እንዳይቆም 28 ብላ ታልፋለች። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ ጨርሶ አይገባም፤ ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 ይሆናል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች እንዲገቡ፣ ወሩ በስሙ ከዝርዝር እንዲመረጥ፣ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ደግሞ ሠራተኛዋ ሳትሆን ፕሮግራሙ እንዲሆን ማድረግ ነው። መቀየሪያውን በጳጉሜን 6 ፈትኑት፤ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ነበረው፤ 2016 የገባውም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህንን በትክክል ካልሰጣችሁ መቀየሪያው አይታመንም። ሰዓትም እንዲሁ። «ሌሊት 8 ሰዓት ተወለደ» ያለች እናት ሌሊቱን ከየትኛው ቀን ጋር እንደቆጠረችው ጠይቁ፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ይመቻል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተና በሁለተኛው ቀን የሞተ ሕፃን የሚለየው በዚህ ነው።

የእርግዝና ዕድሜ የሁሉ መሠረት ነው፤ ያለ ቀኑ ተወለደ (ከ37 ሳምንት በፊት) ወይስ በጊዜው ተወልዶ ቀጭጮ ነው የሚለውን የሚለየው እሱ ብቻ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ስትጠይቁ ባዶ ጥያቄ አታቅርቡ። «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ከሚካኤል በፊት ነው ከማርያም በኋላ?» እያላችሁ አጥብቡት፤ ለሙስሊም እናት ረመዳንና ዒድ፣ ለሁሉም ደግሞ የገበያ ቀንና የአካባቢው ክስተት ይረዳሉ። አዋላጆች እንደሚያደርጉት በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወርና 10 ቀን ደምሩ፤ መሀል ጳጉሜን ካለፈ ግን 5 ቀን ብቻ (ጳጉሜን 6 ከሆነ 4)። ጥቅምት 3 ያየች ሴት ሐምሌ 13፣ ታህሳስ 5 ያየች መስከረም 10 ትጠበቃለች፤ ሁለቱም 280 ቀን ናቸው። ከዚያ አልትራሳውንድ፦ ከ14ኛው ሳምንት በፊት ከተነሣ ስህተቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን ወደ ሦስት ሳምንት ይሰፋል። ስለዚህ አልትራሳውንዱ መኖሩ ብቻ አይጠቅምም፤ እናቲቱን በጊዜ ማግኘት አለባችሁ። በ2019ኙ ጥናት ቢያንስ አራት ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉት 43 ከመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 ከመቶ ነበሩ። ጤና ጣቢያ ተቀምጦ የሚመዘግብ ጥናት ከጅምሩ ቀሪዎቹን ትቶ ተነሣ ማለት ነው። ቤት ለቤት ሂዱ፤ የቅርብ እርግዝናን ለመለየትም የሽንት ምርመራ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ36ኛው ሳምንት የተመዘገበች ሴት በ30ኛው ሳምንት ልትወልድ አትችልም፤ ያለ ቀናቸው የወለዱት ከመመዝገባቸው በፊት አልፈዋል። የምዝገባውን ሳምንት ሳታስቡ ያለ ቀን መወለድን በመቶኛ ካሰላችሁ ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። ትንተናው እያንዳንዷን ሴት ከተመዘገበችበት ሳምንት ጀምሮ ብቻ ይቁጠር፤ ምዝገባውንም ቢቻል ከ20ኛው ሳምንት አታሳልፉት።

ጉብኝቱን በየስንት ጊዜው? ለእናንተ ዓላማና አቅም ስምንት ይበቃል፦ ስምንተኛው ወር ላይ አንድ፣ ወሊዱ እንደተሰማ፣ 7ኛው ቀን (አጭር፣ ስልክም ይሆናል)፣ 6ኛው ሳምንት ከክትባቱ ጋር፣ ከዚያ 6፣ 12፣ 18 እና 24 ወር። በየወሩ የሚጎበኝ ጥናት ተቅማጥንና ትኩሳትን በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን እናቲቱን ያሰለቻል፣ ሠራተኛዋንም ቤቷ ሳትሄድ ቅጹን እንድትሞላ ይገፋፋታል። ለየጉብኝቱ የቀን ገደብ ስጡ፤ ለ6 ወሩ ከሁለት ሳምንት በፊት እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ። ሦስት ጊዜ ሳይሞከር «አልተገኘችም» አይባልም፤ ሦስቱም በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ የገበያ ቀንን አስቀርቶ፣ አንዱ በበዓል ወይም በእሑድ። አንድ ዙር ያመለጠችም ከጥናቱ አልወጣችም፤ በቀጣዩ ትፈለጋለች። ብዙ ቡድን ይህን ሕግ ስለማይጽፍ ብቻ ብዙ እናት ያጣል።

የወሊዱን ወሬ ቶሎ መስማት ለክብደቱ ሲባል ነው። ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ5 እስከ 10 ከመቶ ክብደት ይቀንሳል። 2,600 ግራም ተወልዶ በሦስተኛው ቀን 2,450 ሆኖ የተመዘነ ሕፃን «ከ2,500 በታች» ተብሎ በስህተት ይመደባል። በ24 ሰዓት ውስጥ መመዘን ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ያለፈውን እንደ ልደት ክብደት አትጠቀሙበት፤ በሁሉም ላይ ከተወለደ ስንት ሰዓት እንደሆነው ይጻፍ። በየጎጡ አንዲት ወሬ የምታደርስ ሴት ምረጡ፤ ለደወለችበት የስልክ ካርድ ስጧት። ክፍያው በወሊድ ቁጥር ልክ ከፍ እንዲል አታድርጉ፤ ያልተወለደ ሕፃን እስከ መመዝገብ ያደርሳል። ሞተው የተወለዱትንና እንደተወለዱ የሞቱትን ጭምር እንድትናገር በግልጽ ንገሯት፤ ዝም የሚባለው በእነሱ ላይ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ አልቅሶ፣ ተንቀሳቅሶ ወይም ተንፍሶ እንደሆነ ለየብቻ ጠይቁ። የሞቱን ምክንያት ለማጣራት ግን ሐዘኑ ጋብ እስኪል ጥቂት ሳምንታት ታገሡ።

አሁን ስለሚለካው ነገር። ሚዛኑ ዲጂታል፣ ለጨቅላ በ10 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ ሁልጊዜ ጠዋት ክብደቱ በሚታወቅ ዕቃ ይፈተሽ፣ ውጤቱም ይመዝገብ። ከ2 ዓመት በታች ቁመት በጀርባ ተኝቶ ነው የሚለካው፤ ቆሞ ከተለካ ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ይህ ብቻ በርካታ ልጆችን «የቀነጨሩ» ያስመስላል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዷ ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ጫፍ ጋር አስነክታ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ ሌላዋ ጉልበቱን ዝቅ አድርጋ እግሩን ትዘረጋና ተንሸራታቹን ከሁለቱም ተረከዝ ጋር ታገናኛለች። አንድ እግር ብቻ የሚይዝ ሠራተኛ ካያችሁ መልሳችሁ አሠልጥኑ። ሁሉም ልኬት በሁለት ሰው ለየብቻው ይወሰድ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያውን ሲያዘጋጅ የፈቀደው ልዩነት ለቁመት 7 ሚሊ ሜትር፣ ለክብደት 100 ግራም፣ ለጭንቅላትና ለክንድ ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁለቱም እንደገና ይለካሉ። በየሳምንቱ የመጨረሻውን አሃዝ ቁጠሩ፦ ቁመቶቹ በ0 እና በ5 የሚያልቁት ከአምስት አንድ ያህል መሆን ሲገባቸው ግማሽ ከደረሱ፣ ሠራተኛው እየገመተ ነው። ከልደት ክብደቶቹ መካከል 2,500 እና 3,000 ከሌሎቹ በላይ ብድግ ካሉም ያው ነው።

ሄሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚለይበትን የደም መለኪያ) የምትለኩ ከሆነ የተለካውን ቁጥር እንዳለ አስቀምጡ፤ የከፍታ ማስተካከያውን (ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚል የሚደረገውን ቅነሳ) በኋላ ሥሩት። በቆየው ሠንጠረዥ በ2,000 ሜትር 0.8፣ በ2,500 ሜትር 1.3 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነስ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ሠንጠረዡን ስለለወጠ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ደጋ ላይ ማስተካከያውን በጭፍን መቀነስ ደም ማነስ የሌለባትን እናት እንዳለባት ሊያስቆጥር ይችላል ማለት ነው፤ ሁለቱንም አስልታችሁ አቅርቡ። ደም በቅዝቃዜ ማከማቸት ግን አስተማማኝ ጄኔሬተርና የሚከታተል ሰው ከሌለ አትጀምሩት፤ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ይበቃችኋል።

የእናቲቱን አእምሮ አትርሱ። ይህ እዚህ አገር የተሠራበት ጉዳይ ነው፦ በቡታጅራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተጀመረው የሕዝብ ክትትል ጣቢያ ውስጥ፣ በ2005 እና 2006 በእርግዝናቸው መጨረሻ ላይ የነበሩ 1,065 ሴቶች ተመዝግበው በ20 ጥያቄ በሚጠናቀቅ የጭንቀትና የድብርት መለኪያ ተጠይቀዋል። ምልክቱ የበዛባቸው ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመራዘሙና ጡት ማስጀመራቸው የመዘግየቱ ነገር ከፍ ብሎ ታየ። መለኪያው በአማርኛ የተፈተነ ነው፤ ከ38ቱ ገጽ ብዙ ሲወጣ ይህ ግን መቅረት የለበትም። ጥያቄው አማት አጠገብ ተቀምጣ አይጠየቅም። ሕይወቷን ስለማጥፋት ያሰበች ብትኖር በዚያው ቀን ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ የተጻፈ መመሪያ በሠራተኛዋ እጅ ይኑር።

መጠይቁን እንዴት ልቁረጠው ካላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ይህ መልስ በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?» በሉ። ሠንጠረዡን ልትስሉት ካልቻላችሁ ጥያቄው ይውጣ። በአንድ ጉብኝት ከ45 ደቂቃ አትለፉ። የማይለወጠውን (ትምህርት፣ ያለፉ እርግዝናዎች) አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚለወጠውን በየዙሩ ጠይቁ። አመጋገብን ስትጠይቁ ጾም መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ፤ በሁዳዴ የተጠየቀችን እናት ከፋሲካ በኋላ ከተጠየቀችው ጋር ማወዳደር የሚያሳየው ወቅቱን ነው።

ቤቷ ገብታችሁ 6 ወር ሞልቶት የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ብታገኙ መዝግቦ መውጣት አይቻልም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ መድረሱም ይረጋገጣል። «ይህ ውጤታችንን ያዛባል» የሚሉ አሉ፤ ልጁ ይቀድማል። የላካችሁትን ቀን መዝግቡና በትንተናው ግለጹት፣ አለቀ። ፈቃድ ስትጠይቁ ሁለት ዓመት መሆኑን፣ ደም ከተወሰደ ስንት ማንኪያ እንደሆነና የት እንደሚሄድ፣ በፈለገች ጊዜ መውጣት እንደምትችልና ብትወጣም ሕክምናዋ እንደማይነካ በቃል ንገሯት። መጻፍ የማትችል ከሆነች ከቡድናችሁ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት በአሻራ ታጽድቅ። ስጦታው ሳሙና ወይም የትራንስፖርት ወጪ ይሁን፤ ከደሙ ጋር ግን አይያያዝ፤ «ደም ይገዛሉ» የሚል ወሬ አንድ ቀበሌ ሙሉ ያሳጣል። በየስድስት ወሩ ወደ እድሩና ወደ ቀበሌው ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ንገሩ። ሰው ጥናት የሚሸሸው ብዙ ጊዜ የጠየቀው ሁሉ መልስ ሳያመጣ ስለሚቀር ነው።

በመረጃ ቋቱ ውስጥ ባዶ ሳጥን አይኑር። በየዙሩ ለእያንዳንዷ እናት ከእነዚህ አንዱ ይሞላ፦ ተገኝታለች፣ ለጊዜው የለችም፣ ወደሚታወቅ ቦታ ሄዳለች፣ ወደማይታወቅ ቦታ ሄዳለች፣ አልፈልግም ብላለች፣ ሞታለች፤ ለልጁም ለብቻው እንዲሁ። በስተመጨረሻ የጠፉትንና የቀሩትን በምዝገባ ጊዜ በነበራቸው ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሀብትና ከጤና ጣቢያ ርቀት አወዳድራችሁ በአንድ ሠንጠረዥ አቅርቡ። የጠፉትን ለሚመስሉ የቀሩ እናቶች በስሌቱ ውስጥ ከፍ ያለ ድርሻ መስጠት ይረዳል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ነገርን አይመልስም።

በበጀቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ። በአሜሪካ 100,000 ሕፃናትን ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ እስከ 21 ዓመት ሊከታተል የታቀደው ብሔራዊ የሕፃናት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ ተጀምሮ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከወጣበት በኋላ ዋናው ጥናት ሳይነሣ በዲሴምበር 2014 ተዘጋ። እቅዱ እየሰፋ ሄዶ የአመዘጋገቡ ዘዴ ራሱ ደጋግሞ ይለዋወጥ ነበር። እናንተም 1,000 ሴት ለ8 ዙር የሚከታተል ደመወዝና ነዳጅ ከሌላችሁ 600 መዝግባችሁ 550ውን እስከ መጨረሻው ያዙ፤ 1,000 መዝግቦ 663 ከማስቀረት የሚሻል መረጃ ታገኛላችሁ።

ከዋናው ምዝገባ በፊት 30 ሴቶችን በማግኛ ቅጹ ብቻ መዝግቡ፤ የጤና ጥያቄ አትጨምሩ። ከሁለት ወር በኋላ እነሱን ያልመዘገበ ሌላ ሠራተኛ ቅጹን ብቻ ይዞ፣ የመዘገባቸውን ሠራተኛ ሳይጠይቅ ይፈልጋቸው። ከ30ው ቢያንስ 28ቱን ካገኘ ጀምሩ። ከዚያ ካነሰ ያልተገኙትን አንድ በአንድ ተከታትላችሁ የትኛው መስመር እንዳሳሳተው (ስሙ ይሁን፣ ስልኩ ይሁን፣ የመንገዱ ገለጻ) ለዩና ቅጹን አርማችሁ በሌሎች 30 ላይ ድገሙት።